«የለም» የሚል ወረቀት

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። የድሮ ጓደኛዬ ልጅ ናት። እዚህ ለንደን፣ አንድ ሆስፒታል አስከሬን ክፍል በተለማማጅነት ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው። «ጋሼ፣ እማዬ እንዳትሰማ አደራ» ብላ ጀመረች። ሳቄ መጣ። እኔም እናቴ እስክታርፍ ድረስ «ሆስፒታል ነው የምሠራው» ከማለት አላለፍኩም። «የቱ ክፍል?» ስትለኝ «ምድር ቤት» እላት ነበር። አልዋሸሁም።

ጥያቄዋ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አለቃዋ ከአንድ ሟች ደረት ላይ ፔስሜከር የሚሉትን የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ሲያወጣ ቆማ አይታለች። ማታ እንቅልፍ እምቢ አላት። «እውነት ካልወጣ አስከሬኑ ሲቃጠል ይፈነዳል? ወይስ ዝም ብሎ ደንብ ነው? ሰውየውን ለምን ድጋሚ እንቆርጠዋለን?» አለችኝ።

ይፈነዳል፣ የኔ ልጅ።

እንደሷ በየሆስፒታሉና በየቀብር አስፈጻሚው የገባችሁ የአገሬ ልጆች እየበዛችሁ ነው። ከፊሎቻችሁ አስታማሚ ሆናችሁ ጀምራችሁ ነው ወደዚህ ክፍል የወረዳችሁት። ስለዚህ ለሷ በስልክ ያልኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። 29 ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን ጊዜ አለኝ።

እኛ ዘንድ አስከሬን አይቃጠልም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይቀበራል። ለዚህ ነው ነገሩ ለጆሯችን እንግዳ የሚሆነው። ብሪታንያ ውስጥ ግን ዛሬ ከ10 ሟች 8ቱ ገደማ ይቃጠላል። የመጀመሪያው ሕጋዊ ማቃጠል ዎኪንግ በምትባል ከተማ በ1885 ተደረገ። መጀመሪያ ላይ እኔም ቀፎኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሂንዱ ልጅ የአባቱን ሳጥን ወደ ምድጃው የሚያስገባውን ቁልፍ ራሱ ሲጫን አየሁ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ለማንም አልሰጠም። የበኩር ልጅ ግዴታው ነው። ከዚያ በኋላ መቅፈፉ ለቀቀኝ። ሰው አባቱን በሚያውቀው መንገድ ነው የሚሸኘው።

አሁን ወደ ብረቷ እንምጣ። ፔስሜከር ማለት የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ከዚያም የምትሳሳ የቲታኒየም ሣጥን ናት። ውስጧ ባትሪና ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ከሷ የሚወጡ ቀጫጭን ሽቦዎች በደም ሥር ገብተው ልብ ውስጥ ይተከላሉ። ባትሪዋ አብዛኛውን ጊዜ ከሊቲየምና ከአዮዲን የተሠራ ነው። ሊቲየም በ180 ዲግሪ ይቀልጣል። አዮዲን ትንሽ አልፎ፣ በ184 ይፈላል። የአስከሬን ምድጃ ደግሞ ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ነው። የሣጥኗ ቲታኒየም የሚቀልጠው ከ1600 በላይ ስለሆነ መውጫ አይከፈትም። ድስት ክዳኑን በይዳችሁ እሳት ላይ እንደመጣድ ቁጠሩት።

ደንቡ ከሜዳ አልመጣም። የመጀመሪያው በጽሑፍ የተመዘገበ ፍንዳታ በ1976 ሶሊሃል በተባለ የእንግሊዝ ከተማ የደረሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚሞላው የማቃጠያ ፎርም ላይ «ፔስሜከር አለ ወይ? ወጥቷል ወይ?» የሚል ጥያቄ ገባ። ጥያቄው ገብቶም ነገሩ አልቆመም። በ2002 የታተመ ጥናት ለብሪታንያ ማቃጠያዎች መጠይቅ ልኮ ነበር፤ መልስ ከሰጡት ግማሽ ያህሉ ፍንዳታ ደርሶብናል ብለዋል። ፎርም ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ፎርሙ ላይ «የለም» ተብሎ ስለሚሞላ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በ6ኛው ዓመት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት አስከሬን ተከታትሎ የሚወጣበት ቀን ነበር። የቀብር አስፈጻሚው ሹፌር በር ላይ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ሦስተኛው ሟች ደልደል ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ወረቀታቸው «የለም» ይላል፤ ሐኪሙ ፈርሞበታል። እኔም ለደንቡ ያህል እጄን በግራ ደረታቸው ላይ፣ ከአጥንቱ ሥር አሳለፍኩ። የድሮ ጠባሳ አለ፤ ከጠባሳው ሥር ግን ምንም የለም። «ነበረ፣ ወጥቷል፤ ወረቀቱም ይኸው» አልኩ። ፈረምኩ። ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ስልክ መጣ። መሣሪያው በቀኝ በኩል ነበር።

ነገሩ ኋላ ሲጣራ የግራው ከዓመታት በፊት ኢንፌክሽን ይዞት ወጥቶ ነበር። ከዚያ አዲሱን በቀኝ ተክለውላቸዋል። ወረቀቱን የፈረመው ሐኪም በመጨረሻዎቹ ቀናት ብቻ ነው ያያቸው፤ ታሪካቸውን አላነበበም። እኔ ደግሞ ጠባሳ አይቼ ታሪኩን ራሴ ጨረስኩት። የሐኪሙ ጥፋት የሐኪሙ ነው። እጄን አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ አለማሳለፌ ግን የኔ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ መሣሪያ በሕይወት ዘመን አንዴ ተተክሎ የሚቀር አይደለም። ባትሪው ሲያልቅ ይቀየራል። አርነ ላርሶን የሚባል ስዊድናዊ ነበር፤ በ1958 ስቶክሆልም አጠገብ በዓለም የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሰውነት ውስጥ የተቀበረ ፔስሜከር የተተከለለት እሱ ነው። ያ መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ነው የተበላሸው። ሰውየው ግን በ2001 በ86 ዓመቱ እስኪሞት 26 መሣሪያ ቀያይሯል። ሰውነቱ ላይ ስንት ጠባሳ እንደነበር አስቡት። ጠባሳ አንድ ጊዜ እዚህ ተቆርጦ እንደነበር ይነግራችኋል እንጂ አሁን ምን እንዳለ አይነግራችሁም።

በዚያው ሳምንት ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ማቃጠያው ሄድኩ። አለቃዬ «አያስፈልግም፣ በደብዳቤ ይበቃል» ብሎኝ ነበር። ምድጃውን የሚያሠራው ሰውዬ ሻይ በወተት ሰጠኝ። ብዙም አልተናገረም። ወደ ኋላ ክፍል ወሰደኝ። ከምድጃው ጀርባ በር አለ፤ በሩ ላይ የአምስት ሳንቲም ስፋት ያላት መመልከቻ ቀዳዳ አለች፤ በወፍራም መስታወት የተሸፈነች። «እዩ» አለኝ። ዓይኔን አስጠጋሁ። ምድጃው ቀዝቅዞ ነበር፤ ውስጡ ጨለማ ነው። በባትሪ ሲያበራልኝ ግድግዳው ላይ ከጡቡ አንድ ትልቅ ቁራጭ ተገምሶ አየሁ።

«በቀን ስንት ጊዜ እዚህ ቀዳዳ ላይ ዓይኔን እንደማደርግ ታውቃለህ?» አለኝ። ያን ዕለት ሲፈነዳ ስልክ ሊያነሳ ወደ ቢሮ ገብቶ ነበር። ለምን እንደተደወለለት እንኳ አያስታውስም። ሰላምታ ይሁን የተሳሳተ ቁጥር፣ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ እጄ ደረት ላይ ሲሄድ የማስበው ያን ሰው ነው። ሟቹን ማክበር እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ከቤታችሁ ይዛችሁት የመጣችሁት ነው። የማታውቁት፣ የማታዩት፣ ስማችሁን የማያውቅ ሰው ደግሞ በሌላ ሰፈር ቀዳዳ ላይ ዓይኑን ያደርጋል። ፊርማችሁን አምኖ።

ስለዚህ መጀመሪያ እጃችሁን ተጠቀሙ። ልብሱን ገልጣችሁ፣ በሁለቱም በኩል፣ ከትከሻ ወደ አንገት ከሚሄደው አጥንት ሥር ዳስሱ። ከዚያ ሆድ። በልጅነታቸው የተተከለላቸው ሰዎች ሆዳቸው ላይ ሊኖር ይችላል። ከዚያ የግራ ብብት ሥር፣ ጎድኑ ላይ። ከቆዳ ሥር ብቻ የሚቀመጥ አዲስ ዓይነት ዲፊብሪሌተር (ወረድ ብዬ የማስረዳችሁ ሌላ የልብ መሣሪያ) አለ፤ ቦታው እዚያ ነው፤ ደረት ብቻ የሚዳስስ አያገኘውም። የግራ ደረት መሀል አካባቢ ደግሞ ከክብሪት እንጨት ወፈር የምትል፣ የልብ ምት የምትመዘግብ መሣሪያ ትኖራለች። እሷም ባትሪ አላት። እሷም ትወጣለች። ልብ ውስጥ ራሱ የሚቀመጥ፣ የቫይታሚን ካፕሱል የሚያክል፣ ሽቦ የሌለው ፔስሜከርም መጥቷል። እሱን በዳሰሳ አታገኙትም። ከሕክምና መዝገቡ ነው የምታውቁት፤ ምን እንደሚደረግ ደግሞ በራሳችሁ አትወስኑ፣ የልብ ክፍሉንና ማቃጠያውን ጠይቁ።

ባትሪ የሌለውም የሚፈነዳ አለ። አጥንት ለመጠገን መቅኔ ውስጥ ገብቶ በፈሳሽ የሚነፋ ዘንግ አለ፤ ፊክሲየን ይሉታል። የሚፈነዳው ፈሳሹ ታምቆ ስለተዘጋበት ነው። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ የመድኃኒት ፓምፕ፣ የነርቭ ማነቃቂያ፣ ሌላም አለ። የክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ካልተለጠፈ ለጥፉት።

አሁን ደግሞ ለራሳችሁ የምፈራላችሁን ልንገራችሁ። ፔስሜከርና ዲፊብሪሌተር አንድ አይደሉም። ዲፊብሪሌተር ልብ ሲንቀጠቀጥ በኤሌክትሪክ መትቶ የሚመልስ ነው። ሚሼል ሚሮቭስኪ የሚባል ፖላንድ የተወለደ ሐኪም ለዓመታት የደከመበት ነው፤ የመጀመሪያው በ1980 ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተተከለ። ሲመታ እስከ 800 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ሰውየው ቢሞትም መሣሪያው አልሞተም። ሽቦውን በመቀስ ስትቆርጡ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ጫጫታ «ልብ ተንቀጠቀጠ» ብሎ ይተረጉመዋል። ይመታል። የሚመታው ደግሞ መቀስ የያዘውን እጅ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ትልቅ ጉዳት አልደረሰበትም። ግን መቀሱ ጣሪያ መታ፤ እሱም ወንበር ላይ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል እጁን ሲያየው ቆየ። «ፔስሜከር ነው» ብሎ ነበር የጀመረው። ወረቀቱ እንደዚያ ስለሚል።

በመጠን ዲፊብሪሌተሩ ገዘፍ ይላል፤ ነገር ግን አዳዲሶቹ እያነሱ ስለሆነ በመጠን አትፍረዱ። ሟቹ ቦርሳ ውስጥ የመሣሪያው መታወቂያ ካርድ ብዙ ጊዜ አለ፤ ቤተሰቡን ጠይቁ። ከዚያ ወደ ልብ ክፍል ደውሉ። ባለሙያው ኮምፒውተሩን ይዞ ይመጣል፣ ደረቱ ላይ አስጠግቶ መሣሪያውን ያነበዋል፣ የመምታት ሥራውን ያጠፋዋል፣ ወረቀት ያትማል። ያ ወረቀት እጃችሁ ሳይገባ ምላጭ አታንሱ። እንደ ቀለበት ክብ የሆነች ማግኔት በየክፍሉ አለች። መሣሪያው ላይ ስትቀመጥ መምታቱን ታግዳለች፤ ስትነሳ ግን ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ ማግኔት እንዳይሰማ ተደርጎ ተስተካክሏል። ማግኔት እስከዚያው ነው፤ ባለሙያውን አይተካም።

ማውጣቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ከማውጣት በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ፤ የእጅ አንባሩ ስምና ወረቀቱ አንድ መሆኑን፣ ቤተሰቡ መፍቀዱን። ጉዳዩ ኮሮነር (ምክንያቱ ያልታወቀ ሞትን የሚመረምር ባለሥልጣን) ዘንድ ከሆነ ደግሞ እሱ ሳይፈቅድ ንክች እንዳታደርጉ። መሣሪያው የመጨረሻዎቹን ምቶች መዝግቦ ይይዛል፤ ሰውየው እንዴት እንደሞተ ሊናገር የሚችል ምስክር ነው።

ጓንት፣ ሽርጥ፣ የዓይን መከላከያ። በድሮው ጠባሳ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቅደዱ። ሰውነት በመሣሪያው ዙሪያ የራሱን ከረጢት ሠርቷል፤ ነጭ፣ ጠንከር ያለ። እሱን ስትከፍቱት በአውራ ጣት ከሥር ገፋ ብታደርጉት እንደ ባቄላ ከልጣጩ ተፈልቅቆ ይወጣል። ሽቦዎቹ መሣሪያው ራስ ላይ በትንንሽ ብሎን ታስረዋል። ትንሿ ካቻቢቴ ካለቻችሁ ፍቱት። ከሌለች እጀታው ጎማ በለበሰ መቁረጫ፣ አንድ በአንድ እንጂ ጠቅልላችሁ አትቁረጡ። ሽቦውን አትጎትቱ፤ ልብ ውስጥ በቅሎ ተጣብቋል። እሱ ቢቀር ምንም አያደርግም፤ የሚፈነዳው ባትሪው ነው።

ከዚያ ስፉ። በሥርዓት ስፉ። «ማን ያየዋል፣ ሊቃጠል አይደል» የሚል ሰው ይገጥማችኋል። እኔም ገጥሞኛል። እንዲህ ከሚል ሰው ጋር ሻይ እጠጣለሁ እንጂ አስከሬን አላነሳም።

የወጣውን መሣሪያ በጀርም ማጥፊያ አጥባችሁ፣ ስም ለጥፋችሁ፣ ለብቻው አስቀምጡ። የሆስፒታል ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ከጣላችሁት የት እንደሚሄድ አስቡ። ብዙው የሚቃጠል ነው። ከአንዱ እሳት አውጥታችሁ ሌላው እሳት ውስጥ ከተታችሁት ማለት ነው። ይህን ያደረገ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል።

ወረቀቱ በጊዜው ተሻሽሏል፤ ያንንም ልንገራችሁ። በእንግሊዝና በዌልስ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ሐኪሙ የሚሞላው የድሮው የማቃጠያ ፎርም ቀርቷል። አሁን የሞት ምስክር ወረቀቱ ራሱ ስለተተከለ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ሞቱንም ሌላ ገለልተኛ ሐኪም ያየዋል። ጥሩ ነው። አንድ ተጨማሪ ዓይን ነው። ያ ሁለተኛው ሐኪም ግን መዝገብ ነው የሚያየው። ደረቱን የምትነኩት እናንተ ናችሁ።

የኛ ሰው ሲሞት ብዙ ጊዜ ወይ እዚህ ይቀበራል ወይ አገር ቤት ይላካል። ለቀብር ከሆነ ፔስሜከር አይወጣም፤ ዝም ብሎ አብሮ ይቀበራል። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ «አውጥታችሁ ልትሸጡት ነው» ብሎ የጠረጠረኝ ሰው ሁሉ ነበር። ዲፊብሪሌተር ከሆነ ግን ባይወጣም መጥፋቱን ጠይቁ። የሚያጥቡትንና የሚገንዙትን ሰዎች አስቡ።

አንድ ጥያቄ በተለይ ከኛ ሰዎች ይመጣል። ሟቹ አሁንም ማሽን ላይ ተያይዞ ከሆነ መስታወቱ ላይ ቀጥ ያሉ ትንንሽ መስመሮች ይታያሉ። «ልቡ እየመታ ነው እኮ!» ይላሉ። አይደለም። የሚታየው የመሣሪያው ምልክት ነው፤ እሱ ይልካል፣ ጡንቻው አይመልስም። ይህን ቀስ ብላችሁ አስረዱ። አንድ እናት «ታዲያ ማን ነው የሚጠራው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ልጅቷ በመጨረሻ «ታዲያ የወጣው የት ይገባል?» አለችኝ። አብዛኛው ወደ አምራቹ ይመለሳል ወይም እንደ ብረት ይቀልጣል። ያሳዝነኛል። ባትሪው ገና ዓመታት የሚቀረው ስንቱን በእጄ ይዣለሁ፤ አገር ቤት ደግሞ በዚህች ብረት እጦት ስንት ሰው እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። አውሮፓና አሜሪካ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ነው ብለው እዚያው ለሌላ ሰው መትከል አይፈቅዱም። ነገር ግን ሞንትሪያል ያሉ የልብ ሐኪሞች ከ1983 ጀምረው እየሰበሰቡ፣ አምክነው፣ ላጡ አገሮች ይልኩ ነበር። በ2020 ባወጡት ጥናት ሜክሲኮ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ጓቴማላና ሆንዱራስ ውስጥ እነዚህን ያገለገሉ መሣሪያዎች የተተከሉ 1,051 ሰዎችን ካናዳ ውስጥ አዲስ ከተተከሉት ጋር አነጻጸሩ። ኢንፌክሽን ወይም በመሣሪያው ምክንያት ሞት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ያገለገለው በተተከለላቸው 2 ከመቶ፣ አዲስ በተተከለላቸው 1.2 ከመቶ ነበር። ልዩነቱ ሚዛን የሚደፋ አልነበረም። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲም እንዲህ ያለ ሥራ አለው። ስለዚህ ሆስፒታላችሁ ከእንዲህ ዓይነት በጎ አድራጊ ጋር ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። የሚሠራ ከሆነ የቤተሰቡ ፊርማ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው የሟቹ ንብረት ነው።

ፊርማውን ስትጠይቁ «ብረቱን» አትበሉ። እኔ እንዲህ ነበር የምለው፦ «ባለቤትዎ ደረታቸው ላይ የልብ መሣሪያ አላቸው። ከመቃጠሉ በፊት እናወጣዋለን። ትንሽ ቀደን፣ ሰፍተን፣ ሸሚዛቸውን መልሰን እናለብሳቸዋለን።» ከዚያ ዝም እላለሁ። ሰው እንዲያስብ ጊዜ ይፈልጋል።

አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ይህንን ነግሬያቸው «ስጡኝ» አሉ። ባለቤታቸው ቴሌቪዥን ሲያዩ በሸሚዛቸው ላይ በጣታቸው ይነካኩት ነበር፣ አርባ ዓመት ትዳር፣ አሥራ አንዱን ከሱ ጋር። ፔስሜከር ነበር፤ ማውጣት የምንፈራው ዓይነት አይደለም። አጥቤ፣ በትንሽ ካርቶን አድርጌ ሰጠኋቸው። ከፈቱት። መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ አንስተው እንደ ሰዓት ጆሯቸው ላይ አስጠጉት።

«አይሰማም» አሉኝ።

«ድሮም አይሰማም፣ እማማ» አልኳቸው።

ትንሽ አዳምጠው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።